ሰውን ከኮረንቲ፣ ኮረንቲን ከሰው

አባ ጎማ ጡረታ የወጡት ከመሥሪያ ቤታቸው እንጂ ከሥራቸው አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን የኮረንቲ መስመር ሠራተኞች የደህንነት ኃላፊ ሆነው ኖረዋል፤ በእሳቸው ዘመን በእግሩ ምሰሶ ላይ ወጥቶ በቃሬዛ የወረደ ሰው የለም። ይህን ጠላታቸውም አይክድም። ጡረታ በወጡ ማግስት ታዲያ የሚጠብቁት ሠራተኛ ሲያጡ ዞር ብለው ቤታቸውን አዩ። ቤቱ ውስጥ ኮረንቲ ነበረ፤ ሰውም ነበረ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣው ፊት የጎማ ንጣፍ ተነጠፈ፣ ምድጃው ሥር ደረቅ ጣውላ ገባ። ልብስ መተኮስ የፈለገ ሰው ካውያውን ከመሰካቱ በፊት እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ ማጥለቅ ግድ ሆነበት። በእርጥብ እጁ ማብሪያ የነካ ጉዳዩ ምሳ ላይ በጉባኤ ይታያል። የሰፈሩ ሰው በፊታቸው "ኢንስፔክተር" ሲላቸው በስተኋላ አባ ጎማ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተውታል፣ አልከፋቸውም። "ጎማ ማንን ገድሎ ያውቃል?" ብለው አለፉት።

በዚህ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ሴት ልጃቸውና ባሏ ይኖራሉ። ባልየው ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ሲለቅም ይውላል፣ የራሱን ግን ሌሎች ናቸው የሚነግሩት። ዝምተኛ ነው። ዝም የሚለው ነገር አጥቶ ሳይሆን በሐሳቡ ሌላ ቤት ውስጥ ስለሚኖር ነው። ያ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ አራሚው ጠዋት ጠዋት በባዶ እግሩ ይንሸራሸርበታል፣ ሻይ ለማፍላትም ማንንም አያስፈቅድም። መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ እንኳ ወስኗል። ሚስቱ ፊቱን አይታ "ደግሞ ቤትህ ገባህ?" ስትለው እንደ ሌባ ይደነግጣል።

"ገብቼ ነበር።"

"ምን ስሠራ አገኘኸኝ?"

"ተኝተሽ።"

"ይሁና። ስትወጣ በሩን ዝጋው።"

እሷ የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ናት፤ ሥዕሉንና ጽሑፉን በኮምፒውተር ላይ አስማምታ ገጽ ታደርጋለች። ሰሞኑን አንድ አሳታሚ ለልጆች የሚሆን፣ ሥዕል በሥዕል የሆነ ትልቅ መጽሐፍ ሊሰጣት ፈልጎ የናሙና ገጾች ጠይቋታል። ናሙናው ሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት። ከወደዱላት ሥራው ቋሚ ነው፤ ቋሚ ከሆነ ደግሞ ባልና ሚስት ሁለት ክፍል ተከራይተው ከዚህ ቤት ይወጣሉ። ይህን ለአባቷ ማንም አልነገራቸውም። ያልተነገራቸውን ሁሉ ግን ያውቃሉ፤ የደህንነት ሰው አይደሉ?

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። እነዚያን ትልልቅ ሥዕሎች ስትከፍትበት መጀመሪያ ያስባል፤ ከዚያ ያቃስታል፤ በመጨረሻ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቀጥ ይላል። ማርሽ ቢኖረው ይቀየርለት ነበር፤ የጎደለው ግን ሚሞሪ ነው።

አራሚው ገበያውን ሁሉ አዳርሶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ጥንድ ሚሞሪ አገኘ። እያንዳንዱ እንደ ማስመሪያ ስስ ነው፤ በአንድ ጠርዙ የወርቅ ጥርስ ተደርድሮበታል።

"ይሄ ዓይነት ድሮ ቀርቷል" አለው ጠጋኙ። "ከሞተ ማሽን ላይ ያወጣሁት ነው። ብታበላሸው ሌላ እኔም የለኝም፣ ከእኔ ወዲያም የለም። ደግሞ ስማ፤ ይህን ዕቃ የሚገድለው የግድግዳው ኮረንቲ አይደለም። አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አንተ። ሱፍ ለብሰህ ምንጣፍ ላይ ስትንፏቀቅ ትቆይና መጥተህ ጠቅ ብታደርገው አለቀለት። ሰው ገላ ላይ የሚጠራቀም ኮረንቲ አለ። አንተን አይሰማህም፤ እሱ ግን አይችለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ንቀል። ጫማህን አውልቅ። ራስህን መሬት ከሚነካ ብረት ጋር አገናኝ፣ የውኃ ቧንቧም ይሆናል። ዕቃውን በጎንና በጎኑ ያዘው፣ ጥርሶቹን በጣትህ እንዳትነካ። ይህቺን ክፍተት አየሃት? ማስገቢያው ላይ ካለችው ጉብታ ጋር ትገጥማለች፤ ካልገጠመች ገልብጠው እንጂ አትታገለው። ስትጫነው ግን አትፍራ። ከሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫነው፤ ቀጭ ሲል ገብቷል።"

አራሚው ጥንዱን ሚሞሪ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንደ እንቁላል ተሸካሚ እየተጠነቀቀ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ሲያስብ የመጣው ስለ ሚሞሪው አልነበረም። አማቱ ፊት "ጫማዬን ላውልቅ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየትኛው ድምፅ እንደሚናገረው ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አባ ጎማ ራሳቸው ጀመሩት።

"ኮምፒውተሩን ልትከፍተው ነው አሉኝ።"

"አዎ አባባ።"

"ሆዱን?"

"ሆዱን።"

"በማን ፈቃድ?"

"በእግዜር ፈቃድ" አሉ የአባ ጎማ ባለቤት እማማ። "ብላ እንጂ ሰውዬ፣ ይቀዘቅዛል።"

አባ ጎማ አልበሉም። "አትክፈት አላልኩም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ያልኩት። ነገ ጠዋት፣ እኔ ባለሁበት ይከፈታል። ቦቲው ከእኔ፣ ጓንቱ ከእኔ።"

አራሚው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንዲያው አባባ፣ ይሄኛው ሥራ እንኳ ቦቲ አይፈልግም ነው የሚሉት። እንዲያውም ባዶ እግር…"

ማንኪያዎች ቆሙ። ባዶ እግር የሚለው ቃል በዚያ ገበታ ላይ ከስድብ ይቆጠራል።

"ምን አልክ?"

"ጠጋኙ እንዳለው፣ ሰው ገላ ላይ ራሱ ኮረንቲ አለ። እና ሰውየው ዕቃውን እንዳይገድለው…"

"ሰው ኮረንቲ አለው?"

"ትንሽ።"

"ታዲያ እኔ ያንን ሁሉ ምሰሶ ለምን አስተከልኩ? ሰው በሰልፍ አቁሜ አምፖል አላበራበትም ነበር?" አባ ጎማ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ሰምተሻል? እኔ ሰውን ከኮረንቲ ስጠብቅ አረጀሁ። ዛሬ ኮረንቲን ከሰው ጠብቅ ነው የሚለኝ።"

"አባዬ፣ እሱ አይደለም ያለው፤ ጠጋኙ ነው" አለች ልጃቸው።

"ጠጋኙ ስንት ሰው ከሞት አድኗል?"

ጠጋኙ ያዳነው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት አባ ጎማ ብቻቸውን አልመጡም፤ ጋሽ ምሰሶን ይዘው መጡ። ጋሽ ምሰሶ በእሳቸው ሥር ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዥም፣ ወገባቸው የማይታጠፍ፣ ምሰሶ ሲወጡ ኖረው በመጨረሻ እሱኑ የመሰሉ። በእጃቸው ረዥም ደረቅ ዱላ ይዘዋል።

"ጋሼ፣ ዱላው ለምንድነው?" አላቸው አራሚው።

"ላንተ ነው ልጄ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አይነኩትም፣ በደረቅ እንጨት መትተው ነው የሚያላቅቁት። አይዞህ፣ ካልያዘህ አልመታህም።"

"መያዙን በምን ያውቃሉ?"

"ድምፅ አለው" አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ የሚወዱትን ዘፈን እንደሚያስታውስ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው።

ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከሥሩ እማማ የሚሳሱለት ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ የውኃ ቧንቧ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል። አራሚው ገመዱን ነቀለ። አባ ጎማ ይህ አልበቃቸውም፤ የቤቱን ዋና ማጥፊያ አጠፉ፣ ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ "ሰው እየሠራ ነው፤ አትንኩ" የሚል የብረት ሰሌዳ ሰቀሉበት። ከዚያ ሁሉንም አሰልፈው ንግግር አደረጉ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ ሁሉም ሰው ማታ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ከጋሽ ምሰሶ በቀር ሁሉም ሰው ቤቱ ውስጥ ስለነበረ ነገሩ ያን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም።

አባ ጎማ የራሳቸውን ቦቲና ጓንት አድርገው ነበር፤ አራሚውም ቦቲውን አጠለቀ። ሁለት ቁጥር ይበልጠዋል። ጓንቱን አደረገ፤ ጣቶቹ ዱባ አከሉ። በዚህ ላይ የጠዋት ብርድ እንዳይመታው ብለው እማማ ያለበሱት የሱፍ ሹራብ አለ። ጠጋኙ "አታድርግ" ያለውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ለብሶ ቆመ።

ሆኖም እሱም በተራው ዘዴ ነበረው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሯል፤ ሽቦው በሱሪው እግር ገብቶ፣ በቦቲው አፍ ወጥቶ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሾልኮ ቧንቧው ላይ ተጠምጥሟል። አማቱን ሳያስቀይም ዕቃውንም ሳይገድል፣ ከላይ በጎማ ከውስጥ በመዳብ ሊያልፋት ነው። ሚስቱ አይታዋለች፤ አላየሁም ብላ መስኮቱን ትጠርጋለች።

የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተ። አቧራው ብን አለ። ሚሞሪውን ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ዱባዎቹ ጣቶች ኪሱ ውስጥ አልገቡም። አንዴ ሞከረ፤ አሁንም ሞከረ፤ ጎንበስ ቀና ሲል ሱሪው ወደ ላይ ተሰበሰበ።

"አለቃ" አሉ ጋሽ ምሰሶ ቀስ ብለው፣ "ሰውየው ታስሯል።"

አባ ጎማ መጥተው አዩ። አራሚው ቁጣ ነበር የጠበቀው። የመጣው ቁጣ አልነበረም፤ የሽማግሌው ከንፈር ነጣ። ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ሽቦውን ፈቱት።

"ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ነበር" አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። "እንደሱ የተጠነቀቀ አልነበረም። ቦቲው ሥር ምስማር ገብቶ ወጥቷል፣ አላየውም። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ናት። መሬት በዚያች ገብታ ያዘችው፤ በዚያው ቀረ። አንተ ቀዳዳ አይደለም፣ በር ከፍተህላታል።" ቀና አሉ። "ሥራው ቆሟል።"

እሳቸው ሥራው ቆሟል ካሉ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅም ሥራ አያስጀምርም ነበር።

"አባዬ፣ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው" አለች ልጃቸው።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

"ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለም እኮ።"

"ይቅራ! ምን ጎድሎብሽ ነው? ክፍል አላችሁ፣ ምግብ አላችሁ፣ በዚህ ከተማ እንደዚህ ያለ የተጠበቀ ቤት የለም። ወይስ ጠበባችሁ?"

አራሚው ቦቲውን አየ። ሚስቱ መስኮቱን አየች። መልሱ ከማን አፍ እንደሚወጣ ሲጠባበቁ እማማ ከሶፋቸው ላይ ሆነው ገላገሏቸው።

"ጠበባቸው እንጂ። ባልና ሚስት ሻይ እናፍላ ሲሉ መግለጫ ይሰጣቸዋል። እኔንስ ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

አባ ጎማ የቀኝ ጓንታቸውን መንጭቀው አውልቀው ምንጣፉ ላይ ጣሉትና ያንን ከባድ ቦቲ በሱፉ ላይ እየጎተቱ ወደ በሩ ተራመዱ። የበሩን የብረት እጀታ ሊይዙ እጃቸውን ሰደዱ።

ጧ አለ።

ድምፁ የደረቀ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ባሉበት ደረቁ። ይህ ሰው በኖረበት ዘመን ሁሉ ኮረንቲ ነክቶት አያውቅም፤ ከዋናው መስመርም ከቤቱም። ሁሉም ያውቃል፤ ሲናገሩት ስለኖሩ።

"ነዘረዎት አለቃ?" አሉ ጋሽ ምሰሶ።

"አልነዘረኝም።"

"ጧ ብሏል እኮ።"

"ሰላም አለኝ እንጂ አልነዘረኝም።"

ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሱ፤ አለ። ወጥተው ማጥፊያውን አዩ፤ እንደተቆለፈ ነው፤ ሰሌዳውም እንደተሰቀለ ነው። ተመለሱ። የደህንነት ሰው አንዴ ባየው አያምንም፤ እንደገና ከጠረጴዛው ተነስተው ቦቲያቸውን እየጎተቱ ሄደው እጀታውን በአንድ ጣት ነኩት። ጧ።

"በተቆለፈ ቤት" አሉ በለሆሳስ።

"እስቲ እኔ" አሉ ጋሽ ምሰሶ፤ ዱላቸውን አስቀምጠው እንደ አገር አቋራጭ ባቡር እየተንሻተቱ ሄዱ። ጧ ሲላቸው ከት ብለው ሳቁ። እማማም ካልሲያቸውን እንዳደረጉ ተነሱ፤ ነካ አድርገው "ውይ" አሉ፤ ወደዱት መሰል ዞረው ደገሙት። ልጃቸውም ተሰለፈች። ለተወሰነ ጊዜ አንድ ሙሉ ቤተሰብ በሱፍ ምንጣፍ ዙሪያ ተራ በተራ እየተንፏቀቀ የበር እጀታ ሲነካ ነበር። ያኔ አንድ እንግዳ ብቅ ቢል ኖሮ ለጸሎት የተሰበሰቡ ይመስለው ነበር።

አባ ጎማ ግን አልተሰለፉም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ያያሉ። አራሚው ቀስ ብሎ አስተዋላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ እጀታውን አዩ፤ ከዚያ የእሱን ቦቲ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ከፍቶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር። በመጨረሻ ዓይናቸው ወደ ኋላው ክፍል በር ሄደ፣ ልጃቸውና ባሏ ወደሚኖሩበት፤ እዚያም ቆየ። ነገሩ ገብቷቸዋል። መግባቱን አራሚው ያውቃል፤ ስህተት አይቶ ዝም ያለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ሥራው ስለሆነ ያውቀዋል። አሁን ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም። ሥራው እንደቆመ ይቆማል፤ ወይም "ይሁን፣ በቦቲህ ቀጥል" ቢሉት ዕቃው በገዛ እጁ ይሞታል። ሰኞ ታልፋለች፤ የኋላው ክፍልም ሰው አያጣም።

አባ ጎማ ከወንበራቸው ተነሱ።

"እኛ ዘንድ" አሉ፣ "መስመር ስለጠፋ ሞተ አይባልም። ከጠፋም በኋላ በውስጡ የተኛ አለ። በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር እስክታስረው ድረስ ሕያው ነው ብለህ ነው የምትይዘው። አርዝ ያላደረግኸውን መስመር አትነካም።" አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "እና መስመሩ አንተ ነህ ማለት ነው።"

"እንደዚያ ነው መሰለኝ አባባ።"

"ነው። ጎማ ያደረግንብህ ኮረንቲው ካንተ እንዳይወጣ ነው። አውልቅ።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን አራሚው ቀሪ ዕድሜውን ሲያስታውሰው ይስቃል፤ ያኔ ግን አልሳቀም። አማቱ አንዴ መስመር ነህ ካሉት እንደ መስመር ነው የያዙት። ቦቲው፣ ጓንቱ፣ ሹራቡ ወለቀ። የእማማ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወጣ። ያቺ ቀጭን የመዳብ ሽቦ "ይሄ የጫማ ክር ነው" ተብላ ተጣለችና ጋሽ ምሰሶ ከጓሮ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ አመጡ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ እንደ ውሻ መንጋጋ የሚነክስ የብረት መቆንጠጫ አለው። አንዱ ቧንቧውን ነከሰ። ሌላው የአራሚውን የብረት ሰዓት ማሰሪያ።

"አባባ፣ ትንሽ ጠበቀኝ።"

"ማን ነው የተናገረው?" አሉ አባ ጎማ ወደ ጋሽ ምሰሶ ዞረው።

"መስመሩ ነው አለቃ።"

"መስመር አይናገርም።"

ዋናው ማጥፊያ ላይ የነበረውን ሰሌዳ አምጥተው ካሰቡ በኋላ በጀርባው በኩል በኖራ "ሞቷል" ብለው ጻፉና አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ሚስቱ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"አታልቅሺ" አሉ እማማ፣ "ደህና ሰው ነበር።"

አራሚው በባዶ እግሩ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቆመ። ወለሉ ልክ በሐሳቡ እንደነበረው ነው። ከዚያ የኮምፒውተሩን የብረት አካል በእጁ ነካ፤ ጧ አላለም። ጥንዱን ሚሞሪ በጎንና በጎኑ ይዞ ከኪሱ አወጣ፣ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ የሌላውን ክፍተት ከጉብታዋ ጋር አስተያየ፣ አልገጠመችም፣ ገለበጠው፣ ገጠመች። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ጫፍና ጫፉ ላይ አድርጎ ተጫነ። አልገባም። ጠጋኙ አትፍራ ያለውን አስታውሶ ጠበቅ አደረገው።

ቀጭ አለ።

ጋሽ ምሰሶ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ድምፁ ሳይበርድ ዱላው የአራሚው ትከሻ ላይ አረፈ።

አራሚው ከነሰሌዳው ከነገመዱ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሁለተኛው ሚሞሪ በእጁ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እግዜር ይስጠው።

"ለቀቀው!" አሉ ጋሽ ምሰሶ በደስታ።

"ማን ያዘኝና ነው የሚለቀኝ ጋሼ?"

"ቀጭ አለ እኮ ልጄ። እኔ ያንን ድምፅ በሕልሜም አውቀዋለሁ።"

"መግባቱ ነው! ሲገባ ነው ቀጭ የሚለው!"

"ይሄን ቀድሞ መናገር ነበር" አሉ ጋሽ ምሰሶ ቅር ብሏቸው።

"መስመር አይናገርም ብላችሁት" አለች ሚስቲቱ፤ አሁን ግልጥ አድርጋ እየሳቀች ባሏን አነሳችው። ቀኝ ክንዱ ግን አልታዘዘውም፤ ከትከሻው እስከ ጣቱ ደንዝዟል። በአንድ እጅ ሚሞሪ እኩል መጫን አይቻልም። ሚስቱ ልትጠጋ ስትል አባ ጎማ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏት።

"ይህን ሥራ እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ።

ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦቲያቸውን ፈቱ። አንዱን ጎተቱ፣ ሌላውንም፣ ከዚያ ካልሲያቸውን። እማማ ጠጋ ብለው አዩ።

"እኔ ያገባሁት ሰውዬ እግር እንደዚህ ነጭ ነበር?"

"ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።"

ገመዱ ከነሰዓቱ ከአራሚው እጅ ተፈቶ እሳቸው እጅ ላይ ታሰረ። ወለሉ ሲነካቸው እንደ ሕፃን የእግር ጣቶቻቸውን ሰበሰቡ። አራሚው በደህና እጁ እያመለከተ "በጎኑ አባባ፣ ጥርሱን አይንኩት፣ አዎ፣ አሁን እኩል" ይላቸዋል። ሁለተኛው ቀጭ ሲል ሁሉም ዞረው ጋሽ ምሰሶን አዩ። ዱላው በእማማ እጅ ነበር።

ዋናው ማጥፊያ ተከፈተ፤ ገመዱ ተሰካ፤ አራሚው ማስነሻውን ተጫነ። ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጠበቁት። ጥቁር ነው። ሚስቱ የባሏን ክንድ ያዘችው፤ የሚያመውን። ጥርሱን ነከሰ።

አባ ጎማ አንገታቸውን ሰብረው ቆሙ። "የእኔ ነው የተቃጠለው?" አሉ። እንደዚህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም።

አራሚው ጎንበስ ብሎ አየ። የእሳቸው ሚሞሪ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእሱ ግን፣ ያኔ ዱላው ሲያርፍበት ሳይሆን አይቀርም፣ በአንድ ጫፉ ብድግ ብሏል። ገመዱን ነቀለ፤ ራሱን ከቧንቧው ጋር አገናኘ፤ በደህና እጁና በሚስቱ አውራ ጣት አንድ ላይ ተጫኑት። ቀጭ። እንደገና ሰኩት።

ስክሪኑ ነጣ። ማሽኑ አላሰበም፣ አላቃሰተም። ልጅቷ ከሥዕሎቹ ትልቁን ከፈተች፤ ገና እጇን ሳታነሳ ፊቷ ላይ ተዘረጋ።

ናሙናው ሰኞ ጠዋት ደረሰ፤ ተወደደ፤ ሥራው ቋሚ ሆነ። ባልና ሚስትም ቤት ፍለጋ ጀመሩ። አባ ጎማ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የምትከራዩትን ቤት ልየው።

ያኔ ነው የደላላው መከራ የመጣው። የመጀመሪያውን ቤት ሽቦው የአይጥ እራት ሆኗል ብለው ጣሉት። ሁለተኛውን ከደጅ ሳይገቡ፣ ቆጣሪውን ከሩቅ አይተው "ይሄ ሰው ይበላል" አሉ። ከዚያ በኋላ የታዩትን ደላላው ራሱ መቁጠር አቆመ። የሚጥሉት ግን በእውነት ነበር፤ አራሚው ተከትሎ እየገባ ያያል፣ ሊጣል የማይገባው ቤት አልጣሉም።

በመጨረሻ አንድ ቤት ተገኘ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ግቢው ውስጥ ወዳለ አንድ ዛፍ ያያል። አባ ጎማ ገቡ። ማጥፊያውን ከፍተው አዩ፣ ሽቦውን ተከተሉ፣ ሶኬቱን ሁሉ ጎረጎሩ፣ አምፖሎቹን አበሩ አጠፉ። ወንበር አስመጥተው ጣሪያውን አዩ። ወርደው እንደገና ዞሩ። ሲዞሩ እየቀዘቀዙ ሄዱ። ደላላው ትንፋሹን ውጦ በሩ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው በመጨረሻ መሐል ወለል ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ቤቱ ደህና ነው" አሉ። መርዶ የሚያረዳ ሰው ነው የሚመስሉት።

ደላላው ፈጣሪውን አመሰገነ። ሚስቲቱ አባቷን አቀፈቻቸውና መስኮቱን ልትለካ ወደ ሌላው ክፍል ገባች። አባ ጎማ የሚሠሩበት ነገር እንዳለቀ ሠራተኛ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ። አራሚው አያቸው። ይህን ቤት በሐሳቡ ስንት ዓመት ኖሮበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንንም እንግዳ አስገብቶ አያውቅም ነበር።

ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ አንዱን ሶኬት በጣቱ ነካ አደረገ። ሶኬቱ እንደ ዓለት ነው።

"አባባ" አለ፣ "ይሄኛው ትንሽ የሚላላ መሰለኝ።"

አባ ጎማ መጥተው ጎንበስ አሉ። ሶኬቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ንቅንቅ አላለም። አማቻቸውን አዩት። ደግመው ወዘወዙት።

"አዎ" አሉ፣ "ይላላል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አንዴ ጠብቆ አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ማየት ይኖርብኛል።"